አልማዝ ባለጭራ ትቶብኝ የሄደው

መጀመሪያ የመጣው ማሳከክ ነው። ከግራ ጡቴ ሥር ተነስቶ ወደ ጀርባዬ የሚዞር፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ አሳከከኝ። ሳሙናው ነው ብዬ ሳሙና ቀየርኩ። በማግስቱ ቦታው ማቃጠል ጀመረ፤ ቆዳዬ ላይ ግን ምንም አይታይም። ሳን ሆዜ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። ሰው ሳነሳ ጡንቻዬን ስቤው ይሆናል አልኩና ታይለኖል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ውጬ ፈረቃዬን ጨረስኩ።

ከዚያ ሽፍታው ወጣ። ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ከጡቴ ሥር እስከ አከርካሪዬ ተደረደሩ። በቀኝ በኩል አንድም አልነበረም።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለእትዬ ዘውዴ ነው። እትዬ ዘውዴ ኦክላንድ የሚኖሩ፣ ወደዚህ አገር ስንመጣ ቤታቸው ያሳረፉን፣ የልጄ የክርስትና እናት ናቸው። ብሉዜን ከፍ ሳደርገው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"አልማዝ ባለጭራ ነው" አሉኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

አገር ቤት ያደገ ሰው ለምን እንዲህ እንዳሉ ይገባዋል። ለማያውቀው ልንገረው። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በጨረሰበት ዘመን ይህ ሽፍታ የወጣበት ሰው በሽታው አለበት ተብሎ ይታማ ነበር። ሳይመረመር ሰፈሩ ይፈርድበታል። ከዚያ በኋላ ብርጭቆው ለብቻ ይቀመጣል። እትዬ ዘውዴ ያንን ፍርሃት ይዘውት መጥተዋል፤ ይህን ያህል ዘመን ኦክላንድ ኖረውም አላራገፉትም። ባለቤቴም እንዳያይ አስጠነቀቁኝ። ቅባት አመጡልኝ፣ ጸበል አመጡልኝ። ጸበሉን በእምነት ተቀብያለሁ፤ እሱን አላማም። ሥራ ቦታ ፍሉ ይዞኛል ብዬ ደውዬ ቀረሁ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ልብስ መልበስ ሲያቅተኝ ነው።

"ሺንግልስ ነው" አለችኝ ወጣቷ ሐኪም። "መቼ ወጣ?" ነገርኳት። ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። "ፀረ ቫይረሱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሲወሰድ ነው። ለምን ዘገየሽ?"

ያንን ሁሉ እንዴት ልንገራት? በየትኛው እንግሊዝኛ?

አስረዳችኝ። በልጅነቴ ችክን ፖክስ ይዞኝ ነበር፤ እኛ ጉድፍ የምንለው። ቫይረሱ ያኔ አልሞተም። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ፣ ሰውነቴ ሲደክም ተነሣ። በማንም ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል አለች። ከፈለግሽ ኤች አይ ቪም እንመርምር አለችኝና ተመረመርኩ። ነፃ ነሽ አሉኝ። ለእትዬ ዘውዴ ደውዬ ስነግራቸው "ተመስገን፣ ስምሽ ተረፈ" አሉ።

ቁጣዬ የጀመረው እዚያች ቃል ላይ ነው። ስሜ ተረፈ። ጎኔስ? ደግሞ ቢኖርብኝ ኖሮስ? ሕክምና አይገባኝም ነበር? ይህን ሁሉ ለማለት አፌን ከፈትኩና ሥራ አለብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ቁስሉ ደረቀ። ቅርፊቱ ረገፈ። ሕመሙ ግን አብሮኝ ቀረ።

ሳይነኩት ይወጋል። እንደ ኤሌክትሪክ። ከዚያ ያቃጥላል። የአንሶላ ጫፍ። የመኪና ቀበቶ። የሻወር ውኃ። ነፋስ።

ነጠላ። ነጠላ ምን ክብደት አለው? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀኝ ትከሻዬ ላይ ብቻ አንጠልጥዬ ቆምኩ። ከኋላዬ የቆመች ሴት የተንሸራተተብኝ መስሏት፣ በእህትነት፣ ጎትታ በግራ ትከሻዬ አለበሰችኝ። በቅዳሴ መሐል ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት መጸለይ ጀመርኩ።

ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ነው።

ሶልያና ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ ሮጣ የምትጠመጠም ልጅ ናት። አንድ ቀን በግራ በኩል መጣችብኝ። ገፈተርኳት። ወደቀች። አላለቀሰችም። ተነሥታ ቦርሳዋን ያዘችና ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በር ላይ ቆማ በእንግሊዝኛ "ማሚ፣ የቱ ጎን ነው?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በኋላ ያንንም ተወችው። ከሩቅ እጇን ታውለበልብልኝና ታልፋለች። ባለቤቴ ታገሺ ይለኛል። ትዕግሥት አልነበረም የቸገረኝ። ልጄን ማቀፍ ነው የፈለግሁት። ሌላውን ሁሉ ይውሰደው።

የሕመም ክሊኒክ ተላክሁ። እዚያ ያለችው ሐኪም ለበሽታው ስም ሰጠችው፤ ፖስት ኸርፔቲክ ኒውራልጂያ።

"ቁስሉ ድኗል" አለችኝ። "ነርቩ ግን አልዳነም።"

"ይድናል?"

"ብዙዎችን በጊዜ ይተዋቸዋል። አንዳንዶች ጋር ይቆያል። የትኛዋ እንደሆንሽ አላውቅም።"

እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። ጋባፔንቲን አዘዘችልኝ፤ ራሴን ያዞረኛል፣ ግን ውጋቱን ያለዝበዋል። ቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ፓችም አዘዘችልኝ። በሄድኩ ቁጥር ሕመምሽን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጪው ይሉኛል። አንድ ቀን "ልጄን መግፋቴ ስንት ነው?" አልኳት። መጻፏን አቆመች። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች፤ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃኝ፣ ኦክላንድ ውስጥ የማያቋርጥ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሜዲቴሽን ትምህርት እንዳለ ነገረችኝ።

እኔ ግን ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር የራሴን ሕክምና ጀመርኩ። ስግደት። ሕመሙ ስለ ኃጢአቴ ከመጣ በስግደት ይሄዳል ብዬ ቤቴ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ሰገድኩ። ጎኔ በእሳት ተያያዘ። ሰገድኩ። መነሣት እስኪያቅተኝ። ምንጣፉ ላይ እንደተኛሁ በሕይወቴ ተሰምቶኝ የማያውቅ ቁጣ ያዘኝ። ማንን እንደምቆጣ አላወቅሁም። በዚያው ሳምንት ኦክላንድ ሄድኩ።

አስተማሪዋ ወይዘሮ ሊን ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ራሳቸውም ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ገና ሲጀምሩ "እኔ ታኦይስት ነኝ፤ የእኛ የቻይናውያን የጥንት እምነት ነው። እዚህ የማስተምረው ግን መቀመጥና መተንፈስ ነው" አሉ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆሜ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። የሌላ ሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ገብቼ መውጣቴን ነገርኳቸው።

"ስገጂ አሉሽ?" አሉኝ።

"አላሉኝም አባቴ።"

"የሌላ ስም ጥሪ አሉሽ?"

"አላሉም።"

"ታዲያ ምን አሉሽ?"

"ተንፍሺ አሉኝ።"

"አቁመሽ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

አልሳቅሁም። ስለ ስግደቱ ስነግራቸው ግን ቀልዱ ጠፋ። ተቆጡኝ። "ለታመመ ሰው ስግደት ማን አዘዘ? እኔን ጠየቅሽኝ?" አሉ። እንድተወው አዘዙኝ። ትምህርቱን በተመለከተ እምነታቸው የእነሱ እንደሆነ፣ የእኔ በልቤ እንዲቆይ፣ የማይመቸኝ ነገር ካለ እንድወጣ ነገሩኝ። ሌላ አባት ሌላ ሊል ይችላል። የእናንተን ጠይቁ።

ተመልሼ ገባሁ። ወይዘሮ ሊን ወዴት ሄድሽ አላሉኝም።

አቀማመጡ ቀላል ነው። እግር መሬት ላይ፣ ጀርባ ቀና፣ እጅ ከእምብርት በታች። ያንን ቦታ ዳንቲየን ይሉታል። ሐሳብን ከራስ ላይ አውርዶ እዚያ ማሳረፍ ነው፤ ትንፋሹ በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። እኔ በልቤ "እግዚኦ" እላለሁ። ለብዙ ሳምንት ምንም አልሆነልኝም። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ ሲረጋጋ እኔ እንፈላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ሊን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"ተቆጥተሻል" አሉኝ።

"አዎ።"

"በማን?"

ዘረዘርኩላቸው። በጎኔ። ዝም በይ ባሉኝ ሴት። ሰውን በሽፍታ በሚፈርድ ሰፈር። ከዜሮ እስከ አሥር በሚለው። እግዚአብሔር የሚለውን ዋጥኩት፤ የዋጥኩትን ያዩ ይመስለኛል።

"ብዙ ሰው ነው" አሉ። "ሁሉንም አስቀምጫቸው። ወንበር ሞልቷል።"

ከኋላችን የተቀመጠ፣ ወገቡን የሚያመው የጭነት መኪና ሹፌር ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ጎኔ ወጋኝ፤ ሲወጋኝ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ውጋቱ ከመድረሱ በፊት ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ወጥቷል፣ መንጋጋዬ ተቆልፏል፣ ትንፋሼ ቆሟል። ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ቀኑን ሙሉ ተገትሬ ነው የምውለው።

ታኦይስቶች "ዉ ወይ" የሚሉት ነገር አለ። እኔ እንደገባኝ በጉልበት አለመግፋት ነው። መሸነፍ አይደለም፤ ወይዘሮ ሊን መሸነፍ ሲባል አይወዱም። ነርቩ የሚያመጣው ሕመም አለ፣ እሱን ማዘዝ አልችልም። እኔ በመገተር የምጨምርበት ሌላ ሕመም አለ፣ እሱን ቀስ በቀስ ልለቅቀው እችላለሁ። ውጋቱ ሲመጣ ትከሻዬን ማውረድ፣ መንጋጋዬን መፍታት፣ ትንፋሼን ከእምብርቴ በታች መላክ፣ ያቃጠለውን እንዳቃጠለ ማየት። ሥራ ቦታ አረጋውያኑን ሳለብስ፣ በሃይዌይ ላይ መኪናው ሲቆም፣ ድስት ሳማስል፣ ይህን መሥራት ለመድኩ። ሕመሙ አልሄደም። ግን ቤቱን ሁሉ ይዞት የነበረው እንግዳ ወደ አንድ ክፍል እንደተሰበሰበ ሆነ።

ወሬው እትዬ ዘውዴ ጋ ደረሰ። ሳን ሆዜ ድረስ በባቡር መጡ። ገና ሳይቀመጡ የቻይና ጣዖት ቤት ገባሽ የሚሉት እውነት ነው ወይ አሉኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ የያዝኩት ያኔ ወጣ።

"እትዬ፣ ያኔ ሐኪም ቤት ሂጂ ቢሉኝ ኖሮ ቻይናዊቷን አላውቃቸውም ነበር" አልኳቸው።

 ተቀመጡ። ታላቅ ወንድማቸው በዚያ የኤች አይ ቪ ዘመን እንደሞተ አውቅ ነበር፤ በምን እንደሞተ ግን የነገሩኝ ያን ቀን ነው። መጀመሪያ ጀርባው ላይ የወጣው ይኸው ሽፍታ ነበር። ጎረቤት አይቶ አወራ። ሲሞት ለቅሶ የደረሰ ሰው አልነበረም። ዕድሩ እንኳ ድንኳኑን በግድ ነው የሰጠው።

"አንቺንም እንዳይተዉሽ ብዬ ነው" አሉኝ።

አቀፍኳቸው፣ በቀኝ በኩል። ቁጣዬ ግን አልጠፋም። ከእሳቸው ላይ ተነሥቶ ወደሚገባው ቦታ፣ በሽፍታ ወደሚፈርደው ሰፈር ሄደ። እዚያው ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ሥራ የገባበት አንድ ቅዳሜ ሶልያናን ይዤ ትምህርቱ ቦታ ሄድኩ። ከጎኔ ተቀመጠች። ሰለቻት። እግሯን አወዛወዘች፣ ጣሪያውን ቆጠረች። ከዚያ ረስታው ራሷን በግራ ጎኔ ላይ ጣል አደረገች።

መጣ። ሕመሙ ነጭ ሆኖ መጣ። እጄ ሊገፋት ተነሣ። አየሁት። ትከሻዬን አወረድኩ። መንጋጋዬን ፈታሁ። ተነፈስኩ። እግዚኦ። አቃጠለ። ተነፈስኩ። እጄን ፀጉሯ ላይ አሳረፍኩት።

ራሷን ቀና አድርጋ በሹክሹክታ "ማሚ፣ የሚያምሽ ጎን ነው" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። "ቆዪ።"

ቆየች።

ዛሬ ያመኛል። ጋባፔንቲኑን አላቋረጥኩም፤ እናንተም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። ነጠላ ከስስ ጨርቅ በላይ መደረብ ችያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ፣ የደከመኝ ቀን ተቀምጬ አስቀድሳለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ የዋጥኩትንም ነግሬዋለሁ። እውነቱን የነገረችኝን ሐኪም፣ የተቆጡኝን አባቴን፣ ለቁጣዬ ወንበር የሰጡትን ወይዘሮ ሊንን አመሰግናለሁ።

ሕመሙ አብሯችሁ የቀረ ሰዎች፣ ቻዪው ቻለው የሚላችሁን አትስሙ። ሕክምና ፈልጉ፤ መቀመጥንም ተማሩ፤ ሲቆጣችሁ ተቆጡ፣ ትከሻችሁን ግን አውርዱ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ ክትባት አለና ስለ እሱ ጠይቁ።

አንዲት ሴት ደግሞ ቤታችሁ መጥታ ልብሷን ከፍ አድርጋ ሽፍታውን ብታሳያችሁ፣ ለማንም አትንገሪ አትበሏት። የመኪናችሁን ቁልፍ አንሡና ሐኪም ቤት ውሰዷት።