ቁጥሩ የማን ነው?

ያን ሰሞን አንድ ጥያቄ ይበላኝ ነበር፤ የስልክ ቁጥር የማን ነው? ክላርክስተን ከተማ ሦስት ዓመት አብሬው ከኖርኩት እጮኛዬ ጋር ስንለያይ ሶፋውንም ድስቱንም ያለ ክርክር ተካፈልን። ቁጥሬን ግን አልለቅም አለኝ። አሜሪካ ስገባ የክሬዲት ታሪክ ስላልነበረኝ መስመሩን ያወጣልኝ በራሱ ስም፣ የብዙ ሰው መስመር በአንድ ሂሳብ በሚያዝበት ፋሚሊ ፕላኑ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

"ሌላ ቁጥር አታወጪም?" ይለኛል ሰው። ችግሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። በዚያ መንገድ የሚወጣ ሰው ስልኩን ቢቀማም እንዳይጨነቅ አንድ ቁጥር በቃሉ ይይዛል። እሱ የያዘው የኔን ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ሳልመረምር እንቅልፍ አይወስደኝም። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ጋ ሄድኩ።

"ኮንትራቱን የፈረመው ማን ነው?" አለኝ።

"እሱ።"

"እንግዲያው የሱ ነው።"

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የሚደወለው ለኔ፣ የማነሳው እኔ፣ እንዴት የሱ ይሆናል? ዳኛ ይንገረኝ ብዬ ከሰስኩት።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሳይደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሰምተው ዱሉዝ ከተማ ያለው ቤታቸው ጠሩን። "ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት?" ብለው ተቆጡኝ። እሱ ግን "አባባ፣ አካውንቱ የኔ ነው፤ ቁጥሩን ሪሊስ አላደርግም" ብሎ ድርቅ አለ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከመፍረዴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም የእሱ ፕላን ላይ ነኝ። ባለቤቴም።"

ሳቄ አመለጠኝ። መስመር ሲበዛ ዋጋው ይቀንሳል ተብሎ አገር ምድሩ በአንድ ሰው ስም በሚሰበሰብበት ከተማ፣ ገለልተኛ ሽማግሌ ከየት ይምጣ?

እሳቸው አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት። "የሷን የምትይዝ ከሆነ የኔንም ያዘው፣ ልጄ። በአንተ ስልክ እያወራሁ በአንተ ነገር አልፈርድም።"

አቀረቀረ። ከዚያ ለምንጣፉ የሚናገር ይመስል፣ "ቁጥሩ ከኔ ከወጣ፣ ወንድሟ መደወሉን በምን አውቃለሁ?" አለ። "በየቀኑ ኦንላይን ገብቼ ከውጭ የተደወለ ካለ ቼክ አደርጋለሁ።"

ወንድሜ ድሮ ሲደውል ከኔ ይልቅ ከሱ ጋር ነበር ስለ ኳስ ሲያወራ የሚቆየው። አንጀቴን በላው፤ ጥሪዬን ሲቆጥር መክረሙ ደግሞ አናደደኝ። ሁለቱም እውነት ነው። በማግስቱ ሱቅ ሄደን ቁጥሩን በስሜ አዞረልኝ፤ እኔም ክሱን አነሳሁ።

ክረምቱ ሲገባ፣ ሥራ ቦታ ምሳዬን እየበላሁ አንድ የማላውቀው የውጭ ቁጥር ደወለ። ወንድሜ ነበር። ድምፁ ቀጥኗል፤ ግን እሱ ነው። እያለቀስኩ አወራሁት፤ መስመሩ እስኪቋረጥ።

ወዲያው ለዚያ ሰው ደወልኩ። ከተለያየን ወዲህ በስልክ አውርተን አናውቅም። አንዴ ሳይጠራ አነሳው። ሄሎም፣ እንዴት ነሽም አላለኝ።

"ደወለ?" አለ።