የሚመልስ መኪና

አሶሳን የለቀቅኩት በረኛ ሆኜ ነው። የሚስቅ ይሳቅ። የአብዮት በዓል ነበር፤ ካድሬዎቹ ከእኛ የሠፈራ መንደርና ከጎረቤት መንደር ሁለት ቡድን አውጥተው ያጫውቱናል፣ ሚሊሺያው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያያል። ከጎሌ ጀርባ የቀርከሃው ጫካ ይጀምራል። አባቴ ይመር ከጎሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀደም ብሎ ማሳ ላይ ስናርም፣ ቀና ሳይል፣ «ኳሷ ቀርከሃው ውስጥ ስትገባ ፈልገህ አምጣ ይሉሃል። አንተ ፈልግ፣ ግን አታምጣ» ብሎኝ ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የዚያኛው መንደር አጥቂ ኳሷን አጓናት። ካድሬው «በረኛ፣ ቶሎ በል» አለኝ፤ እኔም ቶሎ አልኩ። አባቴን ዞሬ አላየሁትም። ባየው እቀር ነበር።

ጫካው ውስጥ ኢድሪስ ይጠብቀኝ ነበር። ኢድሪስ የአገሩ ሰው ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ፤ አሶሳ ገበያ ጨው ይነግዳል፣ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ይመላለሳል። ከአባቴ ጋር በገበያ ተዋውቀው ነው። «ፀሐይ ገባ፣ እንሄዳለን። አትፍራ፣ ኢንሻላህ» አለኝ። ምንም ገንዘብ ስላልጠየቀኝ እስከ ድንበሩ ድረስ አላመንኩትም። በነፃ የሚወስድ ሰው ደግ አይመስለኝም።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ የኋላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና። ወሎ ሳለን፣ በድርቁ ጊዜ፣ ስንዴ ይታደላል ኑ ተባልን። ሄድን። ስንዴ የለም፣ መኪና ተደርድሯል። «ውጡ፣ ሩቅ አይደለም፣ ለጊዜው ነው» አሉን። እኔንና አባቴን አንዱ ላይ፣ እናቴን ፋጡማን ሌላው ላይ ጫኑ። እዚያው ትገናኛላችሁ አሉ፤ እዚያው የት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የእኛ መኪና አሶሳ አራገፈን። የእሷ የት እንዳራገፋት አባቴ ያልጠየቀው ካድሬ አልነበረም። አንዱ ጋምቤላ ነች ይለዋል፣ አንዱ ወለጋ፣ አንዱ ደግሞ «ሞታ ይሆናል፣ ዝም ብለህ እረስ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ አባቴ መኪና የሚባል ነገር ላይ አልወጣም። ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ክሊኒክ በእግሩ ነው የሄደው።

ከካርቱም ፈረንሳይ እንዴት እንደደረስኩ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት ባያውቀው ይሻለዋል። የመኖሪያ ወረቀት የሚሰጠው ሹም በአስተርጓሚ ከአገርህ እንዴት ወጣህ አለኝ።

«ኳስ ላመጣ።»

አስተርጓሚው ድገመው አለኝ፣ ደገምኩት። ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ኳሱስ የት አለ? ኩርሙክ ገበያ በማሽላ ለወጥኩት። ጨዋታው እንዴት ነበር? ሊያወጣጣኝ መሆኑ ገባኝና ተጠነቀቅኩ።

«እኔ እስክወጣ ድረስ አልገባብኝም» አልኩ።

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም፤ ካድሬም እኮ ይስቃል። ወረቀቱን ግን ሰጠኝ፣ እኔም ወር ሙሉ ምን ፈልጎ ነው የሰጠኝ እያልኩ ስብሰለሰል ቆየሁ።

ያስቀመጡኝ ከፓሪስ ወጣ ብላ ባለች ከተማ፣ ፉዋዬ በሚሉት የስደተኛ ወዛደር ማደሪያ ነው። ዝናቡ ያናድዳል። የአሶሳ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ እየጮኸ፣ ቀርከሃውን እያጎነበሰ ነው፤ የዚህኛው ድምፅ ሳያሰማ ቀኑን ሙሉ ያርስሃል። የበርታዎቹ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ይናፍቀኛል፣ አሶሳ ሳለሁ የጤፍ ያለህ እያልኩ ያማሁት ገንፎ።

ከፉዋዬው ጀርባ ሜዳ አለ። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ሙስዬ ሉሲየን መጡ፤ ከጋዝ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የክለቡ ሊቀመንበር ናቸው። በረኛችን እግሩ ተሰብሯል፣ ቁመትህ ጥሩ ነው፣ ሞክር አሉኝ። ጓንት ሰጡኝ፣ ጫማ ሰጡኝ፣ ሥጋ ያለበት ዳቦ ሰጡኝ። ሥጋው የምንድን ነው አልኳቸው፤ የአሳማ ነው ሲሉኝ መለስኩላቸው። ሌላ ጊዜ በእንቁላል አስደርገው አመጡ። ይሄ ሰውዬ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ያረጋጋኝ የክለቡ ታሪክ ነው። ሙስዬ ሉሲየን በየልምምዱ መጨረሻ፣ ቡቬት በሚሏት የሜዳ ዳር መጠጥ ቤት፣ በጣትና በአፍ ይነግሩኛል። ድሮ ሁለት ክለብ ነበር፤ አንዱን የጋዝ ፋብሪካው ሠራተኞች፣ አንዱን ቄሶቹ ለሰበካቸው ልጆች ያቋቋሙት። በአንድ መንገድ ወዲህና ወዲያ ሆነው ሰላም አይባባሉም። የዓለም ጦርነቱ ሲመጣ ሜዳው ላይ የወታደር ፈረስ ታሰረ፣ የጎሉ እንጨት ማገዶ ሆነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ክለብ የምይዝበት አቅም የለኝም፣ ለጊዜው ተዋሃዱ አለ፤ እስካሁን እንደተዋሃዱ ናቸው። ለጊዜው የምትለዋን ስሰማ እኔም ሙስዬ ሉሲየንም ተያይተን ሳቅን። ቀጥሎ አውራ ጎዳና መጥቶ የሜዳውን አንድ ጎን በላው። አንዴ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ወጥተው በዓመቱ ወረዱ፤ የጋዞቹ ወገን የቄሶቹን፣ የቄሶቹ ወገን የጋዞቹን እስካሁን ያማል። ኳስና ማሊያ የሚቀመጥባት ክፍል ሁለት ቁልፍ አላት። አንዱን ሙስዬ ሉሲየን ይይዛሉ፣ ሌላውን ከቄሶቹ ወገን የሆኑት ሙስዬ ማርሴል። ሁለቱም ካልመጡ ኳስ አይወጣም። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ፤ እርስ በርሱ የማይተማመን ሰው መሃል ለእኔም ቦታ አለኝ አልኩ።

ከዚያ ከሜዳችን ውጪ የምንጫወትበት የመጀመሪያው እሁድ መጣ። ከፉዋዬው ግንብ ሥር አውቶቡስ ቆሟል። ወዴት ነው አልኩ። ሩቅ አይደለም አሉኝ። መቼ ነው የምንመለሰው? ማታ። ዞሬ ፉዋዬ ገባሁና ብርድ ልብሴን፣ ድስቴን፣ ወረቀቴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ መጣሁ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ ሙስዬ ቫሊዝ፣ ማለት አቶ ሻንጣ፣ የሚል ስም ያወጡልኝ ያን ዕለት ነው። ሙስዬ ሉሲየን አልሳቁም። በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። መንገዱን ሁሉ መታጠፊያ መታጠፊያውን ልብ እያልኩ ሄድኩ፣ በእግሬ ብመለስ እንዳልጠፋ። ሦስት ገባብኝ፤ ኳሱን ሳይሆን አውቶቡሱን ነበር የማየው።

ማታ አውቶቡሱ ያነሳን ቦታ ላይ መልሶ አወረደን። እዚያችው ግንብ ሥር። ሁሉም ደህና እደር ተባብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ ወዳነሳኝ ቦታ የመለሰኝ መኪና አይቼ አላውቅም ነበር። ድስቴን ይዤ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ከኢድሪስ መልእክት መጣልኝ፤ በዚህ ቀን አሶሳ ቴሌ ደውል፣ አባትህ ይመጣል፣ ለሚያዳምጥ ሰው አንተ የእኔ የንግድ ወዳጅ ነህ። የክለቡ ስልክ ያለችው ያቺው ሁለት ቁልፍ ያላት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጥተው ከፈቱልኝ፤ አንዱ አንዱን ብቻውን ስለማይተወው ሁለቱም ቆመው ቀሩ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ አባቴ።

«የኢድሪስ ወዳጅ ነኝ፣ አባባ።»

መስመሩ ላይ የምታዳምጠን የኦፕሬተሯ ትንፋሽ ይሰማኛል። ልጆች አሉዎት ወይ አልኩት።

«አንድ ነበረኝ። ኳስ ሊያመጣ ቀርከሃ ገብቶ ጅብ በላው። ሚሊሺያውም ያውቃል።»

አላህ ይማረው አልኩ፣ ለራሴ።

«ያ ልጄ ቢኖር» አለ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ «እናትህ ፓዌ ተገኘች እለው ነበር። ደህና ነች፣ ቤት ሠርታለች እለው ነበር።»

ሙስዬ ማርሴል ወንበር ሳቡልኝ። እማዬ ብዬ መጮህ አማረኝ፣ ግን የሞተ ሰው እንዴት ይጮሃል?

«እንግዲህ ካድሬው መኪና አዘጋጅቻለሁ፣ ወስደን አገናኝተን እንመልስሃለን ይላል። እርስዎ አገር ያዩ ሰው ነዎት። የሚመልስ መኪና አለ?»

አባቴ እኔን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ልለው የፈለግኩት አለ፣ ውጣ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግንቡ ሥር መልሶ አውርዶኛል። ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቦታ ቢያራግፉትስ? ይቅርብህ ካልኩት ደግሞ እናቴን ሳያያት ሊሞት ነው።

«እኔ ባለሁበት አገር አለ» አልኩ። «የዚያኛውን አላውቅም፣ አባባ።»

«አብሽር» አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ።

በስንት ጊዜ የኢድሪስ መልስ መጣ፤ የአባቴ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤቶቹ አንዱ መኪናው ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ ደግሞ እምቢ ብሎ በእግሩ ነው የሄደው ይላል። ከአሶሳ ፓዌ በእግር ማለት የዓባይን በረሃ መሻገር ነው። እሁድ እሁድ አሁንም አውቶቡሱ ላይ እወጣለሁ፣ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳዬን ይዤ።

ይህን ከምታነቡት ውስጥ ፓዌ የሚኖር ካለ፣ ፋጡማ የምትባል የወሎ ሴት ፈልጉልኝ። ቤቷ ይመር የሚባል ሽማግሌ ካለ በምን እንደመጣ አትጠይቁት። መኖሩን ብቻ ላኩብኝ።