ለዋይፋይ ሊፈርስ የነበረ ግድግዳ

ሥራ የጀመርኩት ሐረር ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ባለች ጠባብ የዲሽና የስልክ ጥገና ሱቅ ነው። አሠሪዬ ጋሽ ታደሰ በመጀመሪያው ቀን መሰላል አሸክመው አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ቤት ወሰዱኝ። ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሹን ሳስተካክል መቶ አለቃው ከታች ሆነው፣ «ወደ ሐኪም ጋራ አዙሪው እንጂ! ከፍታው ያለው እዚያ ነው» አሉ።

«መቶ አለቃ፣ ይሄ የሚቀበለው ከሳተላይት ነው፤ ከጋራ አይደለም» አልኳቸው።

«ሴት ልጅ ጣራ ላይ ወጥታ ደግሞ ታስተምረን ጀመር!» ብለው ሳቁ። ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ስበው ዜና ማየት ያዙ። መሰላሉን ተሸክሜ ስመለስ ኩራቴ ሌላ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ጉዱ በየቀኑ ነው። አንዱ ውኃ የገባበትን ስልክ ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ ቀብሮ፣ ቦርዱ ከዛገ በኋላ ያመጣልኛል። ሌላው፣ «ሲግናሉ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀረፈፋል?» ብሎ ይቆጣኛል። ሲግናሉ የሚነግረን ስልኩ የኔትወርክ ማማውን ምን ያህል እንደሚሰማ እንጂ፣ ማማው ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይደለም። ይህንን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ እኔና ጉሮሮዬ እናውቃለን።

የአዴ ዘይነባን ቤት ግን አልረሳውም። አዴ ዘይነባ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ እናት ናቸው። ልጃቸው ነኢማ ከውስጠኛው ክፍል ሆና በኢንተርኔት የማስተርጎም ሥራ ትሠራለች፤ ጥሪው እየተቆረጠባት እንጀራዋን ልታጣ ደረሰች። ከእኔ በፊት የመጣ ሠራተኛ፣ «ግድግዳው ነው የሚከለክለው» ብሏቸው፣ እንዲያፈርሰው ግንበኛ ተጠርቷል።

ጋሽ ታደሰ ሊሸኙኝ ሲወጡ፣ «ባለ ስድስት አንቴናውን ራውተር ሽጪላቸው፤ ድንጋይም ይበሳል» አሉኝ።

ስደርስ ግንበኛው መዶሻውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አዴ ዘይነባ ዓይናቸው ቀልቷል። «አባቴ በእጁ የለሰነው ግድግዳ ነው፤ ግን ልጄስ?» አሉኝ።

«ራውተሩ የት ነው ያለው?» አልኩ።

የሐረሪ ቤት ግድግዳ በሳህንና በስፌት ያጌጣል። ራውተሩም ግድግዳው ውስጥ ገባ ባለው መደርደሪያ፣ ከትልልቅ የብረት ትሪዎች ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል።

«ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ?» አሉኝ አዴ ዘይነባ።

ስልኬ ላይ የሲግናል መለኪያውን ከፍቼ ትሪዎቹን አነሳሁ። ቁጥሩ ወዲያው ተሻሻለ፤ ብረት ሞገዱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ውስጠኛው ክፍል ግን አሁንም ደካማ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ሠራተኛ አልዋሸም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናል ያዳክማል። የተሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው። ስድስት አንቴናም ቢሆን ያንን ግድግዳ አይበሳም።

ከራውተሩ ተነስቼ በጣሪያው ወራጅ ሥር፣ በበሩ አናት በኩል፣ ገመድ ዘረጋሁ። ውስጠኛው ክፍል በደረሰው ጫፉ ላይ ትንሽ የዋይፋይ ማሰራጫ ሰካሁ።

«ገመድ አልባ እያላችሁ ደግሞ ገመድ ትዘረጉብኛላችሁ?» አሉ አዴ ዘይነባ።

«አዴ፣ ገመድ አልባው የመጨረሻዋ አጭር መንገድ ብቻ ናት። እስከዚያ ድረስ ብዙውን ጊዜ በገመድ ነው የሚመጣው።»

ነኢማ በሯን ዘግታ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቆረጥባት ሠራች። ስትወጣ እየሳቀች ነበር። አዴ ዘይነባ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ ግንበኛው ዞረው፣ «በል ልጄ፣ ሻይህን ጠጣና መዶሻህን ይዘህ ሂድ» አሉት።

ሱቅ ስመለስ ጋሽ ታደሰ ያልተሸጠውን ራውተር ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ምን አጠፋ?» አሉኝ።

«ምንም። የሚያስፈልጋቸው እሱ አልነበረም» አልኳቸው። ሁሉንም ሲሰሙ ራውተሩን ራሳቸው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

ብዙ ዲሽ ሰቅያለሁ፣ ብዙ ስልክ አድኛለሁ። ያንን ግድግዳ በማዳኔ ግን ዛሬም እኮራለሁ። ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ ዕቃ ከመሸጣችሁ በፊት ዕቃው የት እንደተቀመጠ ሄዳችሁ እዩ።