ቀንበር የመለጠው ጫንቃ

ጉለሌ ውስጥ መምህር ዓምሃን የሚያውቅ ሁሉ፣ ሰውየው ሥጋ የማይቀምሰው ለነፍሱ ብሎ ነው ይላል። ማኅበርተኞቹ የፋሲካ ዕለት እንኳ ሽሮውን ለብቻ ያቀርቡለታል። እናቶች ልጆቻቸውን «ጋሽ ዓምሃን አታዩም?» እያሉ ይቆጣሉ። እሱም አያስተባብልም፤ አቀርቅሮ ሽሮውን ይበላል። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩን ከጽድቅ ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የለም። የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በአንድ የተማሪዎች ድርሰት ውድድር ነው።

ዓምሃ ያን ጊዜ አርባን ተሻግሮ፣ በሸጎሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግብርና ያስተምር ነበር። ሞፈር ጨብጦ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ጎመንን ከቆስጣ የማይለዩ ልጆች ስለ እርሻ ሲያወሩ ይንገሸግሸዋል። «የአፍ ገበሬ ሁላ!» ይላቸዋል።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መዳረሻ ተብሎ «ግብርና በዕለት ተዕለት ኑሯችን» የሚል የድርሰት ውድድር ወጣ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ዓምሃ፣ የአማርኛ መምህርቷ ብርቅነሽ፣ ከቀበሌ ደግሞ ጓድ ስለሺ የተባለ ካድሬ። መቶ አርባ ሁለት ድርሰት ተሰበሰበ። ዓምሃ የመጀመሪያውን ገለጠ፤ «ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው» ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ አሥረኛውም እንደዚያው። ሠላሳኛው ላይ ሊያስመልሰው ደረሰ። በዕድሜው ማሳ ረግጦ የማያውቅ ልጅ ስለ ትራክተርና ስለ ምርት ዕድገት ሦስት ገጽ ይሞላል። በአፉ ጤፍ የሚቆላ ትውልድ አፈራን፣ አለ በሆዱ። ያን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ የጻፈላቸው ራሱ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ የባሰውን ተናደደ።

ከዚያ የሰናይት ካሣዬ ወረቀት ደረሰ። ሰናይት ዘጠነኛ ክፍል የምትማር፣ ከኋላ ወንበር የማትጠፋ ዝምተኛ ልጅ ናት። ድርሰቷ አንድ ገጽ አይሞላም።

«አባቴ ሸጎሌ የከብት ደላላ ነው። በሬ ከማሻሻጡ በፊት ጫንቃውን ይዳብሳል። ጠጉሩ ተመልጦ ቆዳው ከጠጠረ፣ ቀንበር የተሸከመ በሬ ነው። የሚያርስ በሬ የሚሸጠው ሲያረጅ ነው ይላል አባቴ። ዘንድሮ ግን ጥርሳቸው ያላለቀ፣ ገና ብዙ ዓመት የሚያርሱ በሬዎች ለሥጋ እየመጡ ነው። ከሰሜን የመጣ አንድ ገበሬ የሁለቱንም በሬዎቹን ገመድ ለአባቴ ሰጥቶ ፊቱን አዞረ። አባቴ ቤት ሲገባ አሁን አሁን እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ግብርናን በየቀኑ የማየው ሉካንዳ ውስጥ ተሰቅሎ ነው። የምንበላው የሚመጣውን ዓመት እርሻ ነው።»

ዓምሃ ደጋግሞ አነበበው። ጥማዱን የሸጠ ገበሬ ጎተራው ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ቅዳሜ ሸጎሌ ከብት ገበያ ሄደና ገዢ መስሎ የአንዱን በሬ ጫንቃ ዳበሰ። ጠጣር ነው። ከአጠገቡ ያለውን ዳበሰ፤ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። ልጅቷ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ሰኞ ብርቅነሽ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«አንደኛዋ ይቺ ናት። የቀረው ሁሉ ግልባጭ ነው» አለችው።

ዓምሃም ልቡ ያውቀዋል። ነገር ግን ጊዜው ለበዓሉ ከተማው የሚቀባበት፣ ረሃብ የሚለው ቃል ድምፅ ተቀንሶ የሚነገርበት ጊዜ ነበር። ይህ ወረቀት ጓድ ስለሺ እጅ ቢገባስ? መምህሯ ማን ነው ቢባልስ? ቀይ እስክሪብቶውን አነሳና «ከርዕሱ የወጣ» ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ዜሮ አስቀመጠ።

«ለልጅቷ ብዬ ነው» አለ።

«ለልጅቷ ከሆነ ወረቀቱን ዝም ብለህ ትመልስላት ነበር» አለች ብርቅነሽ። «ዜሮው ለማን ነው?»

ዓምሃ ቀጣዩን ወረቀት ሳበ።

ሽልማቱ የተሰጠው በወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን ነው። የወላጅ ኮሚቴው በሬ ጥሎ፣ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። አንደኛ የወጣው ልጅ ድርሰቱን በማይክሮፎን አነበበ፤ የጀርባ አጥንቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ዓምሃ አጨበጨበ። ሰው ወደ ዳሱ ሲጋፋ ግን ዓይኑ አጥሩ ላይ በተሰጣው ቆዳ ላይ አረፈ። ጫንቃው ላይ መዳፍ የሚያህል መላጣ አለ።

ጓድ ስለሺ ክንዱን ይዞ ጎትቶ ጥሬ ሥጋ የተከመረበት ትሪ ፊት አስቀመጠው። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነውና «ጾመኛ ነኝ» ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።

«እርስዎን ማመስገን አለብን» አለ ስለሺ፣ ቢላዋውን እያነሳ። «እኔ እኮ በሥራ ብዛት አንዱንም አላነበብኩም። እርስዎ ያሉትን ፈርሜ ላክሁት፣ በቃ። ማንንም አንደኛ ቢሉኝ እፈርም ነበር።»

ዓምሃን ያዘዘው የለም። ያስፈራራው የለም፤ የጠየቀው የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ብሎ፣ በገዛ እጁ ነው የልጅቷን እውነት ያረደው። ሲጸየፋቸው ከኖራቸው የአፍ ገበሬዎች ሁሉ የከፋው እሱ ራሱ ነው። ስለሺ ዳጎስ ያለ ሥጋ ቆርጦ አዋዜ ነክሮ ሊያጎርሰው ሲዘረጋ፣ ዓምሃ አፉን ከፈተ።

ሰናይት የመጣችው ልክ ያን ጊዜ ነው። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች። «ከርዕሱ የወጣሁት የቱ ጋ ነው? እንዳርመው ብዬ ነው።»

በአነጋገሯ ውስጥ ነገር የለም። ከልቧ ልታርመው ፈልጋ ነው። «የትም አልወጣሽም» ቢላት በቂ ነበር። ስለሺ ቢላዋውን ይዞ ፈገግ እንዳለ ያየዋል፤ ብርቅነሽ ከወዲያ ትመለከተዋለች።

ዓምሃ ሥጋውን በአንድ ጉንጩ ያዘ።

«ሁሉም» አላት። «ከመጀመሪያው።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ወረቀቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ዓምሃ ጨርሳ እስክትሄድ ጠብቆ፣ ሥጋውን ሳያኝክ ዋጠ።