ወደ ግራ የሚዞር ሞሰብ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የስንደዶ ሣር ጣቴን ሦስት ቦታ ቆረጠኝ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ዓመት ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። መርሳ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ዘምዘም በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰፌድ ይሰፋሉ። እኔ ሥራ ፈትቼ አጥሩን ተደግፌ እጃቸውን አያለሁ።

«አንተ ሰኢድ፣ ምን ያስቆምሃል?» አሉኝ።

«አንቱ ሲሰፉ እያየሁ ነው።»

«ማየት ብቻ ምን ያደርጋል? ና፣ ስንደዶ ሰንጥቅ። እጅህ ቢደማ ግን እናትህ እኔ ላይ እንዳትመጣ።»

እጄ ደማ። እናቴም መጣች። እትዬ ዘምዘም «ነገም ይምጣ» አሏት፤ በነጋታውም ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ገደማ ሰፍቻለሁ። ማንም አልቀጠረኝም፣ ደመወዝም የለኝም። ሰዎች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይሉታል። እኔ ግን ሥራ ነው የምለው። መሣሪያ አለው፣ ደንብ አለው፣ አለቃም ነበረኝ።

መሣሪያው ወስፌ ነው፤ ጫፉ የሾለ፣ እጀታው እንጨት የሆነ መብሻ። ስፌት ከመሃል ተነስቶ በዙር በዙር ያድጋል፤ የዙሩ ሆድ አክርማ የሚባል ሣር ነው። በላዩ የሚጠቀለለው የተሰነጠቀ ስንደዶ ነው፤ ቀለም ሲነከር አለላ ይባላል። ከታች ያለውን ዙር በወስፌ ትበሳለህ፣ ስንደዶውን በቀዳዳው ታሾልካለህ፣ ስበህ ታጠብቃለህ። ስንደዶው እርጥብ መሆን አለበት። ከደረቀ ይሰበራል፤ ባይሰበርም ውሎ አድሮ ይላላል።

ማዕረግም አለ። መጀመሪያ ሰንጣቂ ነህ። ቀጥሎ ሰፌድ ትጀምራለህ። ሰፌድህ መሬት ላይ ተቀምጦ የማይወዛወዝ ከሆነ ሙዳይ ይፈቀድልሃል። ሞሰብ የመጨረሻው ነው። እኔ ሰንጣቂ ሆኜ ሁለት ወር ቆየሁ።

ግራኝ ነኝ። እናቴ በግራ እጄ እንዳልበላ ከልጅነቴ አስተምራኛለች፤ የምበላውም በቀኜ ነው። ወስፌ ግን በቀኜ አልያዝ አለኝ። እትዬ ዘምዘም ሦስት ቀን በቀኝ እጄ አሠሩኝ። የሠራሁትን ባሳየኋቸው ቁጥር የሚሉት አንድ ቃል ነበር፦ «ፍታው!» በአራተኛው ቀን ሳልጠይቃቸው ወስፌውን በግራዬ ያዝኩ። እጃቸውን ዘርግተው የሠራሁትን ተቀበሉኝ።

«ዙሩ እኮ ወደ ግራ ሄደ» አሉ።

«ልፍታው?»

በጥፍራቸው ጎተት ጎተት አድርገው ሞከሩት። «ጠብቋል። ተወው። ግን እወቅ፤ ሙያ ያላት ሴት የሰፋኸውን ካየች ያንተ መሆኑ አይጠፋትም።»

ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

እናቴ ስፌቱን አልጠላችውም። የጠላችው ስሰፋ ሰው እንዲያየኝ ነው። በእኛ ሰፈር ወስፌ የሴት ነው። «ከፈለግህ ስፋ፤ በሩን ዝጋ» አለችኝ። እኔ ሰው ማስደሰት እወዳለሁ፣ ከሁሉም በላይ እናቴን። በሩን ዘጋሁ። አራት ዓመት በተዘጋ ቤት ሰፋሁ። ሙዳዮቹ ለዘመድ ሲሰጡ «የለይላ እጅ ነው» ይባል ነበር።

ለይላ ታላቅ እህቴ ናት። መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል ካርድና ቻርጀር ትሸጣለች፤ አክርማን ከገለባ አትለይም። አንድ ቀን አክስታችን «እጅሽ ይባረክ» ብላ መረቀቻት። አክስታችን እንደወጣች ለይላ ወደ እኔ ዞረች።

«ሌባ አደረጋችሁኝ እኮ!» አለችኝ።

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ባለፈው ዓመት ለይላ ለአንድ የወልድያ ልጅ ታጨች። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የእጇ ሥራ የሆነ ሞሰብ ይዛ ትሄዳለች፤ የወንድ ወገን ሴቶችም ገልብጠው ያዩታል። እናቴ ሁለታችንንም ጠርታ አስቀመጠችን።

«ሞሰቡን ሰኢድ ይሰፋል። የሰፋችው ግን ለይላ ናት። ተግባባን?»

«እሺ» አልኩ።

«እኔ አልዋሽም» አለች ለይላ።

«አንቺ ዝም ትያለሽ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ስንደዶውን ግራና ከሚባለው ገበያ ሄጄ ራሴ መረጥኩ። ሻጯ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ለእህቴ» አልኩ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ሦስት ወር ሰፋሁ። ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር አለላ ተጠቀምኩ። እስከዚያን ጊዜ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ሆነ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም።

መክደኛው ላይ ስደርስ የወንድ ወገን ሴቶች ሳይታሰብ ሊጠይቁን መጡ። ሞሰቡን አልጋ ሥር ከተትኩት። ስንደዶው የተነከረበትን ውሃ ደፍቼ ስንደዶውን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቀለልኩት። እንግዶቹ ምሳ በሉ፣ ተጫወቱ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሄዱ። ስንደዶው ደርቆ ጠበቀኝ። እንደገና ለመንከር ግቢ ወጥቼ ውሃ መቅዳት ነበረብኝ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። አልወጣሁም። አራት ዙር በደረቁ ሰፋሁ።

የሠርጉ ዕለት ሞሰቡ ከሙሽራዋ ዕቃ ጋር ዳሱ መሃል ተቀመጠ። የሙሽራውን አያት እማማ ከድጃ ይሏቸዋል። ሀብሩ ገጠር ውስጥ ስንት ሙሽራ እሳቸው የሰፉትን ሞሰብ ይዛ እንደሄደች አይታወቅም ይባላል። መክደኛውን አንስተው ገለበጡት። ጣታቸውን በዙሩ ላይ ቀስ ብለው አስኬዱት።

«የማን እጅ ነው?»

«የራሷ የሙሽራዋ» አለች እናቴ።

እማማ ከድጃ ለይላን ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም» አለች ለይላ።

«ይህን የሰፋው ግራኝ ነው። ዙሩ ወደ ግራ ነው የሚሄደው።»

 እናቴ «አንዲት ጎረቤት አግዛት ነው…» ብላ ጀመረች። እኔ የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ አየችኝ። ዝም በል የሚል ዓይን ነው። ለዚያ ዓይን አራት ዓመት ታዝዣለሁ።

«የእኔ እጅ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ስለወጣ ደገምኩት። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

መጀመሪያ የሳቁት ሚዜዎቹ ናቸው። አንዱ «እንግዲያው ሙሽራዋን ተዉና ወንድሟን እንውሰድ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ለይላ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አትነሳም።

«ሳቃችሁን ጨረሳችሁ?» አለች። «እኔ ሰፌድ እንኳ መጀመር አልችልም። ወንድሜ ነው የሰፋልኝ። የሚያፍርበት ሰው ካለ አሁኑኑ ይናገር። ወላሂ፣ ያለዚህ ሞሰብ ከዚህ ቤት አልወጣም!»

 ሙሽራው መሬት መሬት ያያል። እማማ ከድጃ በእጃቸው ጠሩኝ። ማስታጠቢያውን አስቀምጬ ሄድኩ። ግራ እጄን ያዙና ወስፌው ያጠነከረውን የጣቴን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«የእሱ ነው» አሉ ለሰዉ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ «እዚህ ጋ አራት ዙር ላልቷል።»

«አዎ፣ አውቀዋለሁ።»

«ለምን ላላ?»

«እንግዳ መጥቶ ደበቅሁት። ስንደዶው ደረቀ። ውሃ ስቀዳ ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ኧረ ወዲያ! ሰረቅህ ወይ?»

«አልሰረቅሁም።»

«ታዲያ ፍታው። ሙሽራዋ ሞሰቧን ይዛ ትሂድ። መክደኛውን አንተ እንደገና ሰፍተህ ራስህ ታመጣልኛለህ። በማዳበሪያ ጠቅልለህ እንዳታመጣው፤ በእጅህ ይዘህ ነው።»

ለይላ ሞሰቧን ይዛ ሄደች። መክደኛው እኔ ጋ ቀረ።

በነጋታው ወንበሬን በራፍ ላይ አወጣሁና መፍታት ጀመርኩ። መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። አንዱ «ዋጋው ስንት ነው፣ እትዬ?» አለኝ። «አይሸጥም፣ አያ» አልኩት። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ቆመው ስልካቸው ላይ ቀረጹኝ። እንዲያዩት ብዬ እጄን ከፍ አደረግሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ መፍታቴን ግን አላቆምኩም።

እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ከቤት ወጣች። አጠገቤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀመጠች። ተመልሳ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሲያልቅ መክደኛውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። ረዳቱ «ሙሽራዋ የት ወረደች?» ብሎ ሰው አሳቀ። «ባሏ ቤት ነች። መክደኛውን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። እማማ ከድጃ ተቀብለውኝ እያንዳንዱን ዙር በጥፍራቸው ሞከሩ። አላመሰገኑኝም። ሞሰቡ ላይ ገጠሙትና «ምሳ ብላ» አሉኝ።

ዘንድሮ ለትምህርት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕቃዬን ይዤ ስገባ በሩ ላይ ፈታሹ ወስፌዬን አገኘው።

«ይሄ ምንድን ነው? ሰው ልትወጋበት ነው?»

«ሰፌድ ልሰፋበት ነው።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊረዳኝም ፈለገ። «የእህቴ ነው በልና እለፍ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የእህቴ አይደለም። የእኔ ነው።»

አለቃው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ አቆመኝ። አለቃው ሲመጣ ያንኑ ደግሜ ነገርኩት። ጀምሬው የነበረውን ሰፌድ ከሻንጣዬ አውጥቼ ሁለት ዙር ፊቱ ሰፋሁለት። ወስፌውን መለሰልኝ። ለምዝገባ ረፈደብኝ፤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

አሁን የምሰፋው ዶርሙ ደጃፍ፣ ደረጃው ላይ ነው። የሚስቁ አሉ፤ ለመማር የመጡም ሁለት አሉ። ሁለቱንም በመጀመሪያው ቀን ስንደዶ አሰነጠቅኋቸው።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው። ስንደዶ በደረቁ አይሰፋም። በሩ ተዘግቶም አይሰፋም፤ ውሃው ያለው ውጭ ነው።