ያለ መብራት በሐይቁ ዳር

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነበር። አገር ቤት ዝናቡ ገና አላባራም፤ ዳላስ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የመኪና እጀታ ያቃጥላል። አባቴ ሊጠይቁን ከመጡ አምስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ያዩት ሌክ ሃይላንድስ ያለውን አፓርታማችንን፣ ቤተ ክርስቲያናችንንና አንድ ትልቅ ሱቅ ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ባለቤቴ ኤርፖርት ዕቃ መጋዘን እንውላለን። ልጃችን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። አባቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ፓርኪንጉን ያያሉ።

«ይሄን ያህል መኪና አይቼ አላውቅም» አሉኝ አንድ ቀን። «ሰዎቹን ግን የት ነው የምታስቀምጧቸው?»

ባለቤቴ ይህን ሰምቶ ነው ከሥራ ባልደረባው ካምፐር የተዋሰው። በፒካፕ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው፤ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ አለው። ሌበር ደይ የሚሉት የሠራተኞች በዓል ረጅም እረፍት ስለነበር መብራት ያላቸው ቦታዎች ሁሉ ቀድመው ተይዘዋል። ከዳላስ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ሐይቅ ዳር፣ መብራትም ቧንቧም የሌለው ቦታ ተገኘ። ባለቤቴ አልተከፋም።

«ጣሪያው ላይ ሶላር አለው፣ ከሥር ባትሪ አለው። መብራት በሌለበት አገር አድገን አሁን እዚህ እንፈራለን እንዴ?» አለ።

አባቴ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ለቆይታቸው የሚበቃቸውን ብልቃጥ ሁሉ ከአገር ቤት ይዘው ነው የመጡት፤ ከእሱም ተለይተው አያድሩም። «ጥቂቱን ይያዙና የቀረው ቤት ይቀመጥ» ብላቸው፣ «እኔ ባለሁበት ይኑር» አሉ። አልተከራከርኩም። በዚያው ባትሪ የሚሠራው የካምፐሩ ፍሪጅ ትንሽ ስለሆነ ለመድኃኒቱ ብቻ ተውኩት። ምግቡንና መጠጡን በረዶ በሞላንበት ኩለር ውስጥ አደረግነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ደረስን። ባለቤቴ ካምፐሩን ፀሐይ ላይ፣ ገላጣው ቦታ ሊያቆም ሲል አባቴ ከኋላ ወንበር ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ እዚያ ማዶ ይሄን የመሰለ ዛፍ እያለ?»

እኔም «እውነታቸውን ነው፣ ጥላው ሥር አቁመው» አልኩ።

ባለቤቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ አባቴን አየ። ሶላር ፀሐይ እንደሚፈልግ ያውቃል። አማቱን ግን እምቢ ማለት አልሆነለትም። ዛፉ ሥር አቆመው።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ቤቴን ዝም አሰኝቼ አልወጣም። ሥራ ስሄድ ቴሌቪዥኑ ላይ የጸሎት ንባብ በዝግታ ከፍቼ ነው የምወጣው፤ ሰው ባይኖርም የእግዚአብሔር ስም ይጠራበት ብዬ። ካምፐሩም ለሦስት ቀን ቤቴ ነው። ንባቡን በፍላሽ ይዤ ነበርና እዚያ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ሰካሁት። ቴሌቪዥኗ የምትሠራው ኢንቨርተር በሚሉት ሣጥን በኩል ነው፤ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ ይለውጠዋል። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ንባቡ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ሁላችንም ወደ ሐይቁ ወረድን።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ካምፐሩ ጸጥ ብሏል። ንባቡ ያለቀ መሰለኝ። ባለቤቴ ባትሪ እንቆጥብ ብሎ የእጅ መብራት አድሎን ስለነበር አምፖል የነካ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜን እስከ ዛሬ አመሰግንበታለሁ። አባቴ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሰላም አሏቸው፣ እሳቸውም በአማርኛ ሰላም አሏቸው፣ ተግባቡ። አንድ ሽማግሌ ሐብሐብ ቆርጦ ሰጣቸው። ልጄ ስልኳን ትታ አጠገባቸው ቆማ ስታስተረጉም ዋለች። ካምፐሩን መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ ቆልፌው ነበር፤ ዕቃ እንዳይነካ። ማታ ስንገባ ውስጡ እንደ ምድጃ ግሏል። አባቴ መርፌያቸውን ወስደው ብዙም ሳይበሉ ተኙ።

እሑድ ባለቤቴ ፈረቃውን የሚቀይረው ሰው ስላጣ ሊነጋጋ ሲል በፒካፑ ወደ ሥራ ሄደ። አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ አለ። እኔ፣ አባቴና ልጄ ያለ መኪና ቀረን።

ልጄ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ሰካች፣ ነቀለች፣ መልሳ ሰካች። ከዚያ ሣጥኑ ያለበትን ቁም ሣጥን ከፈተች።

«ማሚ፣ ባትሪው ዴድ ነው። ኢንቨርተሩን ደግሞ ኦን አድርጎ የተወው ሰው አለ። ዳዲ ነው?»

ወደ ፍሪጁ ሄድኩ። ስከፍተው የወጣው አየር ሞቃት ነበር። አንዱን ብልቃጥ አነሳሁ፤ ከእጄ ይሞቃል።

አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«አውቄዋለሁ» አሉ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ትናንት ጠዋት ሞቅ ብሎ አገኘሁት። ማታ ደግሞ ባሰበት።»

«እና ለምን ዝም አሉ፣ አባባ?»

«ምን ልበል? ሁላችሁ ደስ ብሏችሁ ሳለ ሽማግሌው ፍሪጅ ሞቀብኝ ብሎ ይነሳ? ባልሽ ስንት ለፍቶ ያመጣኝ ሰው ነው።»

የስኳር መለኪያውን አወጣሁ። ጣታቸውን ሰጡኝ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት አለ። ቤት ሳሉ ከሁለት መቶ አልፎ አያውቅም።

«መለኪያውም ሞቆት ይሆናል» አሉ።

ልጄ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው።

መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ በዓይን አይታወቅም። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ያው እንደ ድሮው ነው። አባቴ ከዚያው ወሰዱ፤ ሌላ የለም። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ብቻ ነው። ልጄ የእኔን ስልክ ይዛ ወጣች፤ የእሷ ጠፍቷል። ላብ በላብ ሆና ተመለሰች።

«ዳዲን ኮል አደረግኩት፣ አያነሳም። ቴክስት አደረግኩለት። ማሚ፣ ስልክሽ አሥር ፐርሰንት ነው ያለው።»

መጋዘን ውስጥ ስልክ አይፈቀድም። ሎከር ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። እስከ ምሳ ሰዓት አያየውም።

ከእኛ ራቅ ብላ ድንኳን የተከለች ሴት ነበረች። ሄጄ ነገርኳት። ባሏ መኪናውን ይዞ በጀልባ ሊያጠምድ ወደ ማዶ ሄዷል፤ እንደተመለሰ እናደርሳችኋለን አለችኝ። መቼ እንደሚመለስ ግን አታውቅም። ግማሽ ኩለር በረዶና ሦስት ጠርሙስ ውኃ ሰጠችኝ። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ብልቃጦቹን በረዶው ላይ ላደርጋቸው ስል አባቴ ሳቁብኝ።

«የተቀቀለ እንቁላል በረዶ ላይ ብታስቀምጪው ጥሬ ይሆንልሻል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ውኃውን ስጪኝ። ጠምቶኛል።»

አንዱን ጠርሙስ ሳያሳርፉ ጨረሱት። ሁለተኛውን ጀመሩ። ውኃ ጠጥተው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይጠጣሉ። አምስት ሰዓት ላይ ስለካ ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ሆነ። ዛፉ ሥር ምንጣፍ አነጠፍንላቸው። ልጄ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ አደረገች።

«አያቴ፣ ናይን ዋን ዋን ልደውል?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አምቡላንስ።»

«ለስኳር አምቡላንስ? ጎረቤቱ ሁሉ ሞተ ብሎ ይነሣ?»

«አያቴ፣ እዚህ እኮ ጎረቤት የለም።»

«ያቺ በረዶ የሰጠችን ምንድን ናት ታዲያ?»

ንግግራቸው ግን እየተንቀረፈፈ መጣ። ልጄ ትጠይቃቸዋለች፣ ዘግይተው ይመልሳሉ። ጸሎት ልጀምር አፌን ከፈትኩ፤ ከ«አባታችን ሆይ» ወዲያ አልሄድልኝ አለ። ዓርብ ዕለት ያንን ቁልፍ የተጫንኩበት ጣቴ ነው የሚታየኝ። ልጄ ሁለት ጊዜ «ዳዲ ነው የረሳው» ብላለች፤ ሁለቴም ዝም አልኩ።

በልቤ አንድ ቁጥር ወሰንኩ። አራት መቶ ከደረሰ እሳቸውን አልሰማም።

ሰባት ሰዓት ላይ አራት መቶ ሁለት አለ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ስንት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ አባቴን የዋሸሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄን አጠገባቸው ትቼ ኮረብታውን ያዝኩ። ጫማዬ ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። አንድ እጄ ስልኩን፣ አንድ እጄ ነጠላዬን ይዟል። እመቤቴ፣ እመቤቴ እያልኩ ነው የምወጣው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጫፉ ላይ ስደርስ ስልኩ ሦስት ፐርሰንት ነበር። ቁጥሩን ነካሁ። አንዲት ሴት አነሳች። ያለንበትን ስነግራት የቦታችንን ቁጥር ጠየቀችኝ። አላውቀውም። እንጨት ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ፣ ግን አላስታወስኩትም። «ሐይቁ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር» አልኳት። ዛፉ ብዙ ነው። ስልኩ ጠፋ።

እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ልሩጥ ወይ ልጠብቅ አላወቅሁም። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤ አቧራ አየሁ። ፒካፓችን ነበር። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። መልእክቱን አምስት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲወጣ አይቶ፣ ለአለቃው እንኳ በወጉ ሳይነግር ነው የመጣው። በሩን ከፍቶ ጎትቶ አስገባኝ።

አባቴን ለሁለት ደግፈን አስገባናቸው። ቅርብ ወዳለችው ከተማ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እሳቸው ራሳቸውን ልጄ ትከሻ ላይ ጥለዋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ባለቤቴ። «አሮጌ ባትሪ ሳልፈትሽ መውጣት አልነበረብኝም።»

«የአንተ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ንባብ ከፍቼ ትቼው ሄድኩ። ኢንቨርተሩን አላጠፋሁም።»

አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«ዛፍ ሥር ያስቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ልጄ ሦስታችንንም አየችን። «ሶ፣ ዳዲ ሶላሩ ፀሐይ እንደሚፈልግ ያውቃል፣ አያቴ ፍሪጁ እንደሞቀ ያውቃል፣ ማሚ ማን እንደከፈተው ታውቃለች። ማንም ምንም አላለም? ኦኬ።»



ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ተቀበሉን። ክንዳቸው ላይ የሰኩላቸው ፈሳሽ ጉሉኮስ እንዳይሆን ፈርቼ ከረጢቱ ላይ ሳፈጥ ነርሷ «ጨውና ውኃ ብቻ ነው» አለችኝ። አዲስ ኢንሱሊን ሰጧቸው። ስለ ብልቃጦቹ ስጠይቅ፣ ሙቀቱ አበላሽቶት ሊሆን ይችላል፣ ሐብሐቡና የሰውነታቸው ውኃ ማነስም ሊሆን ይችላል፣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ። ብቻ ሁሉንም ጣሉት አለች። ሌላ ማዘዣ ጻፉልን። አመሻሽ ላይ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ከዚያ ሁለት መቶ አርባ ሆነ። አባቴ ነቅተው እንጀራ ጠየቁ፤ ብስኩት ሰጧቸው።

«ይሄን ብስኩት ከመብላት አምቡላንሱ ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ያን ማታ በቀጥታ ወደ ዳላስ ተመለስን። ካምፐሩን ባለቤቴ በሌላ ቀን ሄዶ አመጣው።

በማግስቱ ጠዋት የበዓል ቀን ስለነበር ፋርማሲው የሚከፍተው አርፍዶ ነው። እኔ ግን ሁሉም ተኝተው ሳለ ማዘዣውን ይዤ ወጣሁ፣ መኪናዬን በሩ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ጠበቅሁ። መብራቱ ሲበራ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ፋርማሲስቱ ብልቃጡን ሲሰጠኝ፣ ከፍሪጅ ውጭ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ስንት ሙቀት እንደሚችል፣ መንገድ ስንወጣ በምን እንደምንይዘው አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ከኋላዬ ሰዎች ቆመው ነበር። ይቅርታ ጠይቄያቸው የመጨረሻውንም ጥያቄ ጠየቅሁ።