አባቴ የዘለለኝ ጸሎት

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ባንጆ ተጫዋች ነኝ» እላለሁ። አርባ ምንጭ ስለሆንን አንዳንዱ የፍራፍሬ ዓይነት ይመስለዋል። ስለዚህ አስረዳለሁ፤ ባንጆ ማለት አንገት ያበቀለ ከበሮ ነው፣ አምስት ክር አለው። የምጫወተው ብሉግራስ የሚባል የአሜሪካ ተራራ ሰዎች ሙዚቃ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጣት ይጨርሳል። «እና በዚህ ይበላል?» ይሉኛል። ይበላል፤ መክሳቴን አትዩ።

አሜሪካን አላውቃትም። እኔ የማውቀው ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን የአባቴን የሙዝ ማሳ ነው። ባንጆውን ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ ነው። ድሮ እዚህ ያገለገሉ አንድ ፈረንጅ ጥለውት የሄዱት ነው፤ አንድም ክር አልነበረውም። የመዘምራኑ ጊታር ተጫዋች ስለነበርኩ «ወስደህ ሞክረው» አሉኝ። ምነው ያኔ እጄን በሰበረው! ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ክር አወጣሁለት። ከዚያ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ዘፈን ሁሉ ሸመደድኩ። የኔ እንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ትርጉሙን ትቼ ድምፁን ብቻ ያዝኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለኔ ነው።

አዞ ሊያዩ የሚመጡ ቱሪስቶች የሚያርፉበት አንድ የሐይቅ ዳር ሎጅ ምሳ ሰዓት ላይ እንድጫወት ቀጠረኝ። በቃ፣ ዓለም ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ባርኔጣም ገዛሁ። ሰፍቶኝ እስከ ቅንድቤ ይወርዳል፤ እኔ ግን ለያዥ ለገራዥ ያስቸገረ አመፀኛ የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ወሬው ደረሰው።

«ቢራ ቤት ዘፋኝ ሆንክ?» አለኝ።

«ሎጅ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ቢራ የለበትም?»

«አለበት፣ ግን...»

ግንዋን አላስጨረሰኝም። ተጯጯህን። ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ መንጭቆ ሙዙ ውስጥ ወረወረው። ይሄኔ እናቴ ከጓሮ እርጥብ ሣር ነጭታ መጣችና መሃላችን ቆመች። እኛ ጋሞዎች ዘንድ እርጥብ ሣር የያዘ ሰው መሃል ከገባ ጠብ የለም፤ ማንም ይሁን ማን አፉን ይዘጋል። ዘጋን። ችግሩ አባቴ ሲዘጋ ጥርቅም አድርጎ ነው።

በቤታችን ጠዋት ጠዋት ወደ ማሳ ከመውረዳችን በፊት አብረን እንጸልያለን። አባቴ ከታላቅ እህቴ ጀምሮ የልጆቹን ስም እየጠራ ይባርካል። በማግስቱ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ። ታናሼን ባረከ፣ ላሟን ባረከ፣ ሙዙን ባረከ። ኧረ ሙዙን! በሣር የቆመ ጠብ ስለሆነ ደግሞ አንስቼ «ምነው?» ማለት አልችልም። ለጓደኞቼ እየሳቅኩ አወራዋለሁ። በየጠዋቱ ግን አንገቴን ደፍቼ፣ ዛሬስ ይጠራኝ ይሆን እያልኩ ስሜን እጠብቃለሁ። «አሜን» ይልና ይነሳል። አመፀኛው ሰውዬ እንዲህ ነበርኩ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ጉባኤ ሄደ። ዓለማዊ ዘፈን መዝፈኔ ከተረጋገጠ ከመዘምራን እታገዳለሁ። ሽማግሌ ደግሞ ሳይሰማ አይፈርድም፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አባቴ ከሁለት ሽማግሌ ጓደኞቹ ጋር ሎጁ ድረስ መጣ። ጉድ በል አርባ ምንጭ! በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው። ውሃ አዘዙ። አጠገባቸው የተቀመጠው ፈረንጅ ቢራ ሲቀዳለት ወንበራቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

እልህ ያዘኝና፣ ከታገድኩ አይቀር ብዬ፣ ካሉኝ ሁሉ ዓለማዊ የመሰለኝን፣ ፈጣኑን ዘፈን ለቀቅኩት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ እየጮህኩ። ቀና ስል የአንደኛው ሽማግሌ እግር መሬቱን ይመታል። የሌላኛው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከምሳቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አብረውኝ ማዜም ጀመሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተቀበሏቸው፤ በጋሞኛ!

መዝሙር ነበር። እኛው ቤተ ክርስቲያን ለቀብር ቀስ እያልን የምንዘምረው፣ አያቴ የተቀበረ ዕለት አባቴ ራሱ የመራው መዝሙር። ፍጥነቱ ጋርዶብኝ ስንት ጊዜ ስጫወተው አላወቅኩትም። ወይ መዋረድ! አሮጊቷን በአስተናጋጁ አስተርጓሚነት ብጠይቃቸው፣ ከዘፈኖቼ ግማሹ እንዲሁ መዝሙር ነው አሉኝ። ለካ እኔ አመፅኩ ብዬ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ለቢራ ጠጪ ስሰብክ ነው የከረምኩት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እየሳቁ ጨበጡኝና እገዳው ቀረ። አባቴ ግን አልዘመረም፣ አልሳቀም። ሲዘመር በሙሉ ሐይቁን እያየ ነበር። ውሃውን ጨርሶ፣ መጽሐፉን አንስቶ ወጣ። ከመዘምራን አለመታገዴ ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግኩት እሱን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ተንበረከክን። እህቴን ባረከ። እኔ ጋ ሲደርስ እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ጉሮሮውን ጠረገና ስሜን ጠራ።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «የዚህን ልጅ ጣቶች ባርክ። ያባቴን መዝሙር አሰምቶኛል።» ከዚያም ጨመረ፣ «ብቻ እባክህ፣ ቀስ እንዲል እርዳው።»

እንባዬ እየወረደ፣ ከሁሉም ቀድሜ «አሜን» አልኩ። ሙዙ ገና አልተባረከም ነበር።